ገና ስም ለሌለዎ

ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ በ«እርስዎ» ስጠራዎ፤
ጥርስዎ ሳይበቅል፣ ሳይጠና አጥንትዎ።
እንደ ሹም አክብሬ፣ እንደ ቄስ ፈርቼ
አይደለም፤ ሌላ ቃል ፈልጌ አጥቼ።

ሌሊት ሲራገጡ «ተኛ» ልል አስቤ፣
«ተኚ» ቢሆንስ ብሎ ይሞግታል ልቤ።
ቋንቋችን እንዲህ ነው፤ ሰው ሳይወለድ ገና
በግስ ጅራት ላይ ጾታ ያስራልና።

«ይተኙ» እላለሁ፣ ሆዴን እያሸሁ፤
ይበልጣል ይስቃል፦ «ከማን ጋር ነው ያለሁ?
ደጃዝማች ነው እንዴ እዚህ ውስጥ የተኛ?
ወይስ የከተማው ይግባኝ ሰሚ ዳኛ?»

ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል፣ አልትራሳውንድ ክፍል፣
«ልንገርሽ?» አለችኝ ነርሷ፣ ዓይኗ ስክሪኑ ላይ፤
«ተይው» አልኳት፣ ፊቴን አዙሬ መስኮቱን ሳይ።
በመስኮቱ ጣና፤ አመድማ፣ ዝም ያለ፣
የእንቦጭ ቅጠል ለብሶ ዳር ዳሩን የዋለ።
አንዱ «ሞላ» ይላል፣ አንዷ «ጣና ሞላች»፤
ውኃዋ ግን በዚህ መቼ ተቀየመች?
ይኸው እኔም ራሴ፣ ሳላስብ ሴት አልኳት።

ጎረቤቴ አትጠገብ እልልታዋን ሰፍራ፣
ሰባቱን ለወንድ ልጅ፣ ለሴት ሦስት ቆጥራ፣
«ስንቱን ልያዝ?» ትላለች በአጥር አሻግራ።
«አምስት» አልኳት። አኮረፈች።

አማቼ ሰባታሚት ሆነው ይደውላሉ፤
«ወንድወሰን ደህና ነው?» ቀድመው ይጠይቃሉ።
የእህቴ ልጅ መጥታ ለሁለቱም የሚሆን
ስም ጻፈች በእስክሪብቶ፣ በብስኩት ካርቶን፦
ደስታ፣ በረከት፣ ጸጋ፣ ትንሣኤ፣ ዘመን።
ሁሉም ያምራሉ። ግን ስም ሲያምር እፈራለሁ፤
ለውጤ ነኝ፤ የስምን ዕዳ አውቀዋለሁ።

ወንድሜ በመንፈቁ በወባ ሞተባት፤
በዓመቱ እኔ መጣሁ፣ ለውጥ ሆንኩላት።
ስሜ የወንድ የሴት አይልም፣ ለሁለት ይሆናል፤
ቀበሌው መታወቂያዬ ላይ «ወንድ» ብሎኛል።
(ሁለት ወር ተመላለስኩ፣ አለመሆኔን ለማስረዳት።)
ይሄ ያስቃል።
የማያስቀው ሌላ ነው፦
እናቴ በጠራችኝ ቁጥር፣ ከድምፅዋ ግማሹ
ከኋላዬ የቆመ ሰው ይፈልግ ነበር።

ለእርስዎ ስለዚህ
የማንም ምትክ፣ የማንም ካሳ ያልሆነ፣
ሳይወለድ ያልተበደረ ስም።

ሐሙስ ለት ይበልጣል፣ ከዘጌ ሲመለስ፣
የጀልባው ሞተር ጠፋ፣ ነፋሱ ሲነፍስ።
ስልኩ ይቆራረጣል፤ ጨለማው ድብን ብሏል፤
እኔ ደጃፍ ቆሜ፣ ሆዴ ተወጣጥሯል።
«ሃሎ? ለውጤ? አለሽ?»
«አለሁ። አንተስ?»
«አለሁ።»
ተቋረጠ።
በዚያው ቅጽበት እርስዎ በተረከዝዎ መቱኝ፤
ሦስተኛው «አለሁ» እሱ ነበር።

ያኔ ገባኝ። «እኔ» ያለ ሰው ጾታ አይጠየቅም።
በላሁ፣ ፈራሁ፣ መጣሁ፦
ወንዱም ይላታል፣ ሴቷም ትላታለች፤ ቃሏ አትለወጥም።
ሌላው ነው አንተ፣ አንቺ ብሎ የሚከፍለን።
አለሁ።
ይህን ነው ያወጣሁልዎ።

ይበልጣል ንጋት ላይ፣ እስከ ጉልበቱ ርሶ፣
ሰማኝና ሳቀ፣ ሻዩን ለአፉ አድርሶ፦
«ሰው በር አንኳኩቶ ‹አለሁ አለ ወይ?› ቢል፣
‹አለሁ የለም› ልንል ነው?
ትምህርት ቤትስ? አስተማሪው ‹አለሁ!› ብሎ ሲጠራ
‹አለሁ› ቢባል፣ ስም መድገም ነው ወይስ አቤት ማለት?»
«ሁለቱም» አልኩት።
ካልሲውን አወለቀ። እንቢም አላለ፣ እሺም።

አውቃለሁ፤ ነገ «አለ» ወይ «አለች» ይሉዎታል፤
ቄሱም ገብረ ወይ ወለተ ይጨምርልዎታል፤
አርባ ቀን ወይ ሰማንያ፣ አንዱ ይደርስዎታል።
አትጠገብ እልልታዋን ቆጥራ ትለቀዋለች።
እኔም አንድ ቀን ወተት ሲደፉ፣ ሳላስበው፣
«አንተ!» ወይ «አንቺ!» ብዬ እጮኻለሁ።

አሁን ግን መሽቷል፤ ውኃው የዳሩን ድንጋይ ይልሳል።
ይተኙ።

አሉ?